ዛሬ የተመረቀው የቦኖ ውሃ ከወንዝ የተቀዳ ነው

ዛሬ በመንደራችን ቦኖ ተመረቀ። ለምረቃው የተጋበዙት የክብር እንግዳ ሪባኑን ቆርጠው ቧንቧውን ሲከፍቱት ውሃው ፏ ብሎ ወረደ። እልልታው ቀለጠ።

ያ ውሃ ግን እናቴና ጎረቤቶቿ ከንጋት ጀምረው ከወንዝ እየቀዱ፣ ቦኖው ታንከር ውስጥ በጀሪካን የገለበጡት ነው!

ውሃውን ወደ ታንከሩ እንዲገፋ የታሰበው ፓምፕ ከተተከለ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ሠርቶ አያውቅም። እኔም ለበዓሉ ብዬ ከቢቸና መጥቼ ነው ይህን ጉድ የሰማሁት።

የውሃ ኮሚቴውን ሰብሳቢ ጋሽ አድማሱን ለብቻቸው ጠርቼ «ምነው ለእንግዳው እውነቱን ብትነግሯቸው?» አልኳቸው።

«እንግዳ ጋብዘን፣ አገሩን ሰብስበን፣ ደረቅ ቧንቧ እናሳይ? ነውር አይደለም እንዴ ልጄ!» አሉኝ።

ነውርስ የእናቴ ጀርባ መላጡ ነው!

እንግዳው «የዚህ መንደር የውሃ ችግር ከዛሬ ጀምሮ ተፈቷል» ብለው ተናገሩ፤ ሰዉም አጨበጨበ። (እሳቸው የጠጡት የታሸገውን ነው።)

ነገ ፓምፑ አይሠራም ብንል ማን ያምነናል? ሲፈስ በዓይናቸው አይተው ሄዱ እኮ!

ዘንድሮ መንገድ አስመረቅን፤ ክረምት ሲገባ ጭቃ ዋጠው። መብራት አስመረቅን፤ እስካሁን የቆመው ምሰሶው ብቻ ነው። ለሁሉም ድንኳን ጥለን በሬ አርደናል። አንጀቴ አረረ!

በእናንተስ አገር በእልልታ ተመርቆ እንዲሁ የቀረ ነገር አለ? እስቲ ጻፉልኝ።

መልስ ባዘገይ አትቀየሙኝ። ለእንግዳ ሲባል የቤታችንም ውሃ ሁሉ ታንከሩ ውስጥ ስለተገለበጠ፣ እናቴ ጀሪካኗን ይዛ እንደገና ወንዝ ልትወርድ ነው። ሄጄ ላግዛት።