አባቴ የካዱኝ ቀን

ነገሩ የሆነው የዛሬ ስድስት ዓመት፣ በጥምቀት ሰሞን፣ ቀየት በሚባለው አገራችን፣ አባቴ ቤት ነው። ቤታችን ውስጥ ማንም አያነሳውም፤ እኔ ግን አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም።

ራቤል ከተማ አስተማሪ የሆነው ፍቅረኛዬ ሽማግሌ ልኮ ነበር። እኔ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ። አባቴ እሺ ብለው፣ የቀረው ዝምድና መቁጠር ብቻ ነበር። እኛ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይዳርም። የሚያስቆጥሩት የንስሐ አባታችን ናቸው።

የልጁ አጎት የእነሱን፣ አባቴ የእኛን ሲቆጥሩ ምንጅላት ላይ ገጠሙ። የሁለታችንም የአያታችን አያት አንድ ሰው ኖሯል! ቄሱ «በቃ፣ እህትና ወንድም ናቸው» አሉ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ብድግ አሉ። የስንት ጊዜ ፍቅሬ እንደ ዋዛ አበቃለት።

አባቴ ግን አልተነሡም። «ቆዩኝማ። አባ፣ ግዝቱን ልጥሰው ነውና ይፍቱኝ።»

እናቴ «ኧረ በማርያም ይተዉ!» ብላ ጮኸች።

«ልጄ ከምትከፋ ልጄ አይደለችም ብል ይሻለኛል» አሉ አባቴ። «እኔ አልወለድኳትም።»

መጋረጃውን ለቅቄ ጓዳው ወለል ላይ ቁጭ አልኩ።

ለካስ የወለዱኝ ሰዎች ሞተውብኝ፣ ገና ጡት ሳልጥል አባቴና እናቴ ከመርሐቤቴ አምጥተው አሳድገውኝ ነው። ያን ጊዜ ቄሱ ባሉበት «አልወለዷትም ያለ ውጉዝ ይሁን» ተብሎ ተገዝቷል። ጎረቤቱ ሁሉ እያወቀ ትንፍሽ ያላለው ለዚህ ነው። ግዝቱን የጣሱት አባቴ ራሳቸው ሆኑ።

ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው «እግዚአብሔር ይፍታዎ» አሏቸው። ከዚያ አባቴ የወለዱኝን ሰዎች ዘር እየጠሩ ቆጠራው እንደገና ተጀመረ። ስማቸውን ሰምቼ የማላውቅ ሰዎች አያቶቼ ተብለው ሲቆጠሩ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ዝምድና አልተገኘም። ቄሱም በማሳደግ የመጣ ዝምድና እስከ ምንጅላት ድረስ ሄዶ ጋብቻ አይከለክልም አሉ። እልል ተባለ። እኔ ማልቀስም መሳቅም አቃተኝ።

ተዳርሁ። አባቴ ግን ከሠርጉ በኋላ ቤቴ መምጣት ተዉ። ስደውል አንዴ የገብስ አጨዳ ነው፣ ሌላ ጊዜ በጎቹን ማን ያይልኛል ይላሉ። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩ ጊዜ ሙክት አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭነው ራቤል መጡ። መጥተውም አልገቡ! ደጅ ቆመው ባለቤቴን «ክርስትናው ላይ ብገኝ ቅር ይላት ይሆን?» ብለው ጠየቁት።

ከአልጋዬ ሆኜ ሰማሁ። ንዴቱ አራስነቴን አስረሳኝ። «አባባ! የማን ቤት መስሎዎት ነው ፈቃድ የሚጠይቁት?» ብዬ ጮህኩ።

ገብተው አጠገቤ ተቀመጡና በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የተጎዳሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካስ እሳቸው በዚያ ቃል ልጃቸውን ያጡ መስሏቸው ነው የከረሙት።

ዛሬም ያ ቃል ትዝ ሲለኝ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። አባቴን ግን አልተቀየምኳቸውም። ይህን ያህል እንደሚወዱኝ ከዚያ ቀን በፊት አላውቅም ነበር።