የመርማሪው ሚስት ጓንት

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲያወጡን የእኔና የወንድሜ እጅ አንድ ላይ ታስሮ ነበር። ያስገቡን ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ስለነበረ ግድግዳው ዱቄት ዱቄት ይሸታል። ከመጣበቡ የተነሳ ሰው በጎኑ እንጂ በጀርባው አይተኛበትም። ጥፋታችን ቤታችን ተገኘ የተባለ ወረቀት ነው። ወንድሜ አስተማሪ ነበር፤ እኔ ደግሞ የሴቶች የቆዳ ጓንት ቆራጭ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መርማሪው ራሱ በሩ ላይ ቆሞ ወንድሜን «ከነዕቃህ ውጣ» አለው። ወንድሜ ብርድ ልብሱን አጥፎ ለእኔ ተወልኝና ወጣ። አልተመለሰም። መቃብሩን ያሳየኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም።

ሳምንት ሳይሞላ ያው ሰውዬ እኔን አስጠራኝ። ውስጥ እግሬን ሲገርፉኝ እጄን ለምን እንዳልነኩት ያን ቀን ገባኝ። ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ሊመጣ ነው፤ አበባ የምታበረክተው የመርማሪው ሚስት ናት፤ ነጭ ጓንት ያስፈልጋታል። እጇን ወረቀት ላይ ዘርግታ በእርሳስ ያሰመረችውን ልኬት ሰጠኝና፣ አሳምሬ ከሠራሁ እናቴ እንድትጠይቀኝ እንደሚፈቅድ ነገረኝ። ወንድሜን በልቶ ለሚስቴ ጓንት ስፋ ይለኛል! «እሺ ጓድ» አልኩ።

በማግስቱ መቀሴን፣ መርፌዬንና አንድ ነጭ የለፋ የበግ ቆዳ ከኮምቦልቻ አስመጣልኝ። ስዳብሰው የማን ምርጫ እንደሆነ አወቅሁ። ጓንት በምንሠራበት ቤት ቆዳ የሚመርጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሙያውንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከቦሩ ሜዳ ወዲያ ካለው ደጋ የመጣውን ቆዳ ከሌላው በጣታቸው ብቻ ይለዩታል። ይህንንም ለእኔ ብለው ከክምሩ መሃል ፈልገው እንዳወጡት ቅንጣት አልተጠራጠርኩም።

የጓንት ነገር ሁሉ ያለው ከመቁረጥ በፊት ነው። ቆዳው በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቆያል፤ ከዚያ በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ወደ ርዝመቱ ይሳባል፣ ይሳባል፣ እምቢ እስኪል ድረስ። ጣቶቹ የሚቆረጡት በዚያው በተሳበበት አቅጣጫ ነው። እንዲህ የተሠራ ጓንት እጅ ሲገባበት ወደ ጎን ይለቃል እንጂ አይረዝምም። ሽማግሌው «ሳትስብ መቀስ ካነሳህ ወላሂ ከደጄ አትድረስ» ይሉኝ ነበር። ሳይሳብ የተቆረጠ ጓንት አዲስ ሳለ ምንም አይታወቅበትም፤ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ነው ጉዱ የሚወጣ።

አልሳብኩትም። ስፌቱን ግን በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ ሰፍቼ አላውቅም። መርማሪው እያገላበጠ አየና ሳቀ፤ እጅህ ወርቅ ነው አለኝ። ወደ ክፍሌ ስመለስ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምን ያዋሸኛል።

የአቀባበሉ ዕለት ደሴ ስታካፋ ዋለች። እንግዳው ዘግይቶ ስለነበር ሴትዮዋ ጓንቱን እንዳጠለቀች ካፊያው ላይ ረጅም ጊዜ ቆማለች። አበባውን ስትሰጥ የጓንቱ ጣቶች እንደ ላም ጡት ተንጠልጥለው፣ ሰልፈኛው ሳቁን መዋጥ አቅቶት ነበር ብሎ አንድ ዘብ አወራልን። እናቴን ሳላያት እንደምቀር ገባኝ፤ ቢሆንም አንጀቴ ራሰ።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ጓንቱን ፊቴ ላይ ወረወረው። ሊገድለኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን የጠረጠረው እኔን አይደለም፤ የሙያውን ነገር ከየት ያውቃል?

«ይህን ቆዳ የሰጠው ሽማግሌ አሻጥረኛ ነው» አለኝ። «ዛሬውኑ ያመጡታል። አንተ ቆዳው ብልሽት እንደነበረው መስክርና ፈርም።»

ወረቀቱ ተጽፎ አልቋል። ብዕሩን ያዝኩ። ብፈርም እተርፋለሁ፤ ምናልባት እናቴንም አያለሁ። ሽማግሌው ግን ያንን መጋዘን አንድ ሳምንት አይችሉትም። እኔ የተበቀልኩት ይህን ሰው ነው፤ ዕዳው እንዴት እሳቸው ላይ ይውረድ?

ብዕሩን መልሼ አስቀመጥኩ። ጓንቱን ከወለሉ አንስቼ ጠረጴዛው ላይ አቃናሁትና አንዱን ጣት ስቤ አሳየሁት።

«ቆዳው እንከን የለውም» አልኩት። «ሆን ብዬ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ስለ ወንድሜ።»

ድገመው አለኝ። ደገምኩለት።

ያን ቀን እጄን ነኩት። ቀኝ እጄን የጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ አስገብተው ዘጉበት፤ ሦስቱ ጣቶቼ ከዚያ ወዲህ አይታጠፉም። ለምን እንዳልገደለኝ ብዙ አስቤበታለሁ። መዝገቡ ላይ ምን ብሎ ይጻፍ? የሚስቴን ጓንት አበላሸብኝ ይበል? ሽማግሌውን ግን አላመጧቸውም። ስፈታ ሄጄ ጠየቅኋቸው፤ እጄን አይተው ደነገጡ። በር ተዘግቶበት ነው አልኳቸው። «አብሽር ልጄ፣ አላህ ይተካልሃል» አሉኝ። እውነቱን ሳያውቁ ቤታቸው፣ ልጆቻቸው መሃል ሞቱ።

ዛሬ የሸሚዜን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ ባለቤቴ ናት። መርማሪውን ይቅር በለው፣ እሱም አርጅቷል ትለኛለች። ለጣቶቼ ይቅር ልለው እችል ይሆናል፤ የራሴ ናቸው። የወንድሜን ይቅርታ ግን ከእኔ አያገኝም። ባለፈው ክረምት ፒያሳ አንድ ሱቅ በር ላይ ተገጣጠምን። ጎብጧል። ማን እንደመሰልኩት እንጃ፣ ፈገግ ብሎ ለሰላምታ እጁን ዘረጋልኝ። እጄን ከኪሴ ሳላወጣ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ አለፍኩት።