ጀልባዋና የሾርባ ማንኪያው

ባሌ ሲሳደብ የሚሰደበው ሰው ራሱ ይስቅ ነበር። ሠላሳ ዓመት በሞተር ጀልባው ሰውና ዕቃ ከዳር እዳር ሲያመላልስ የሞተሩ ጩኸት እንኳ ድምፁን አይውጠውም። ለመሳፈር የሚንቀራፈፍ ካየ «ሐይቁ እስኪደርቅ ነው የምትጠብቀው?» ይለዋል። እኔንም ቢሆን አይምረኝም። በየዓመቱ ጀልባዋን ጠግኖ ሲጨርስ ዳር ላይ በገመድ ያስርና ውሃ ሞልቶ ሳምንት ያሰምጣታል። ሰው ጀልባውን ከውሃ ያድናል፣ የኔው ጉድ ያሰምጣል እያልኩ አሾፍበታለሁ። እሱም የእንጨት ነገር ለማይገባው ሰው አፌን አላደክምም ይለኛል። እኔም ጠይቄው አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ደም ግፊት ጣለውና ቀኝ ጎኑንም ምላሱንም ይዞበት ሄደ። ከዚያ ሁሉ ቃል አንድ እንኳ አልተረፈም። ቤት ዝም ሲል እንዲህ እንደሚከብድ ማን ነገረኝ! ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ጠርቶኝ፣ ዳግመኛ ከመጣበት አይተርፍም አለኝ። እኔም እዚያው ቆሜ በልቤ ቆረጥኩ፤ አንዲት ቀን ብቻ፣ በደህናው እጁ የጀልባዋን መሪ ይዞ ሐይቁ ላይ ሳይወጣ አይሞትም።

ጀልባዋ ግን ሞተሯ ከተበላሸ ሦስት ዓመቷ ነው። ጓሮ ቆርቆሮ ሥር ተደፍታ፣ ፀሐይና ንፋስ አድርቋት፣ በጣውላዎቿ መሀል እርሳስ ያስገባል። እጅ አጥሮኛል፤ ቢሆንም ያበጠው ይፈንዳ ብዬ የባሌን ታናሽ ወንድም ጠራሁት። አናጺ ነው። እሱ የሠራው ቁም ሣጥን ሲዘጋ ፀጉር አያሳልፍም። የእጅ ዋጋ ብዬ ሳልጨርስ ተቆጣኝ፤ ጋሼ አይደለም ወይ ያሳደገኝ አለ። አንድ መካኒክ ጓደኛው ከወዳደቁ ሞተሮች ዕቃ እየለቃቀመ ሞተሩን አስነሳልን። ቀለሙ ከትምህርት ቤት በር የተረፈ አረንጓዴ ነው። እኔ በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ መዳፌ ተላጠ። ባሌን አጠገባችን ወንበር ላይ እናስቀምጠዋለን፤ ዓይኑን ከጀልባዋ አይነቅልም። ካፒቴኔ፣ ሥራ ፈት ተቆጣጣሪ ሆነህ ቀረህ እያልኩ እቀልድበታለሁ።

ክፍተት ለአናጺ ነውር ነው። ወንድምየው ሰጋቱራ በኮላ ለውሶ ስንጥቁን ሁሉ ጢም አድርጎ ሞላው። ሲደርቅ ድንጋይ ሆነ። የዚያን ዕለት ባሌ ግራ እጁን እያወናጨፈ፣ ከጉሮሮው የማይለይ ድምፅ እያወጣ ጮኸ። እኔ ደግሞ ዓይኑን አይቼ የልቡን አውቃለሁ ባይ ነኝ። ደስ ብሎት ነው፣ በርቱ እያለን ነው ብዬ ተረጎምኩ። ወንድምየው እንባው መጣ።

በማግስቱ ከገበያ ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነው። ባሌ ጀልባዋ ሥር በጎኑ ተጋድሟል። እኔ የማጎርስበትን የሾርባ ማንኪያ በግራ እጁ ጨብጦ ያን የደረቀ ኮላ ይፍቃል። የጣቶቹ ጫፍ ደምቷል። አንድ ክንድ ያህል ፍቆ አውጥቷል። ሲያየኝ ማንኪያውን ወደ እኔ ዘረጋልኝ። በሽታው አእምሮውንም ወሰደው ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያ እንደ ልጅ ተቆጣሁት። ሰው የደከመበትን ታፈርሳለህ ወይ አልኩና ማንኪያውን ነጠቅኩት። ወንድምየው መጥቶ የተፋቀውን እንደገና ሞላው። ከዚያ ወዲያ ባሌ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ መቀመጥ ጀመረ። እኛም የቀለሙ ሽታ ነው አልን።

ስምንት ሰው ተሸክሞ ሐይቁ ዳር አወረዳት። ጠብታ አላስገባችም። የማስነሻውን ገመድ አንዴ ሲስቡት ሞተሩ ተነሳ፤ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ወንድምየው ግን ጠንቃቃ ነው። ጋሼን ከማሳፈራችን በፊት ሦስት ቀን ውሃ ላይ ታስራ ትፈተን አለ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ባሌን አጣጥቤ፣ የሥራ ኮፍያውን አድርጌለት፣ ከነወንበሩ ተሸክመነው ወረድን።

ጀልባዋ እስከ መቀመጫዋ ውሃ ውስጥ ገብታለች። ሞተሩ አይታይም። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ ገብቶ ውስጧን በእጁ ዳሰሰ። ጣውላዎቹን ከውስጥ አቅፈው የሚይዙት ጎባጣ እንጨቶች አንድ በአንድ ተሰብረዋል አለን። ወንድምየውን ስንጥቁን በምን እንደሞላው ጠየቀው። ሲነግረው ራሱን ነቀነቀ።

«እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል ልጄ። ስንጥቁ ማበጫው ነበር። ጥጥ ጣል አድርገህበት ጥቂት ቀን ብታሰምጣት ራሷ ትገጥም ነበር። መሄጃ ስታሳጣት ጎኗን ሰበረች» አለ። ከዚያ ባሌን አየው። «እኛን ይሄን ያስተማረን እሱ ነው እኮ። አልጠየቃችሁትም?»

ማንኪያው ትዝ አለኝ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ዘርግቶ ሲሰጠኝ ለካ ፍቂ፣ አግዢኝ ማለቱ ነው። ወንድምየው ውሃው ውስጥ እንደቆመ፣ ጋሼ፣ ጋሼ እያለ ቀረ። ባሌ ጀልባዋን አላያትም። ከኮፍያው ሥር ማዶውን ነበር የሚያየው።

እነዚያን እንጨቶች የሚቀይር ባለሙያ የምናመጣበት አቅም የለንም። መልሰን ተሸክመነው ቤት ገባን። አልጋው ላይ አስደግፌ ምሳውን ይዤ ቀረብኩ። ማንኪያው ያው ነው፤ ሌላ የሾርባ ማንኪያ የለንም። ጠርዙ ላይ ኮላ ደርቆበታል፤ ስንቴ ባጥበው አልለቅ ብሏል።

«ስደበኝ» አልኩት። «እባክህ፣ አንዴ ብቻ፣ እንደ ድሮህ አድርገህ ስደበኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ አፉን ከፈተ። ቃል ሊያወጣ መስሎኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ሾርባውን እየጠበቀ ነበር።