የማዶ ሰው

አባቴ ሰው ሲያናድደው ስድቡ አንድ ነው፤ «የማዶ ሰው!» ታክሲ ላይ የሚጋፋው፣ ያለ ተራው የሚገባው፣ ሁሉም የማዶ ሰው ነበር። እኛ ካዛንቺስ የተወለድነው ልጆቹ ማዶን በዓይናችን አይተን አናውቅም። ማዶ ማለት አባቴ ከተወለደባት የገጠር ቀበሌ ወንዝ ተሻግሮ ያለው ቀበሌ ነው። እናቴ የተወለደችው ደግሞ እዚያው ማዶ ነው። እንዴት እንደተጋቡ እኔን አትጠይቁኝ።

አንድ ቀን አጎቴ ከአገር ቤት ደወለ። የአባቴ ቀበሌ ፈርሳ ከማዶ ጋር ተቀላቅላለች፤ ስሙም የማዶ ሆኗል። አባቴ ስልኩን ዘግቶ የሰማውን ነገረን። እናቴ ሽንኩርቷን እየከተፈች፣ «እንኳን ደህና መጣህ ያገሬ ልጅ» አለችው።

በቃ፣ በዚያው ሳምንት የቀበሌዋን ታሪክ መጻፍ ጀመረ። የሁለቱም ቀበሌ የአገር ልጆች ማኅበር በሚያደርገው ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ያነበውና፣ ቢያንስ ማኅበሩ ውስጥ በስሟ መጠራቷ እንዳይቀር ያስወስናል። ችግሩ አገሩን የለቀቀው በልጅነቱ ነው። የረሳውን የሚጠይቃት ደግሞ ያችኑ የማዶ ሰው ነው።

«ወፍጮ ነበረን» ብሎ አነበበላት።

«ወፍጮው የኛ ነው።»

«ትምህርት ቤቱስ?»

«የኛ። እናንተ እየተሻገራችሁ ነው የተማራችሁት።»

«ቤተ ክርስቲያኑ የኛ ነው።»

«ነው። ቄሱ ግን የሚመጡት ከኛ ነበር።»

«ዋርካውን እንኳን ተዪልኝ እንጂ።»

እናቴ አሰብ አደረገች። «ዋርካው የናንተ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ጥላው እኛ ጋ ነው።»

ባምቢስ ሰፈር ወስጄ ሳስተይበው ታሪኩ ግማሽ ገጽ አልሞላም። አዘንኩለትና ፊደሉን አስተልቄ አስሞላሁት።

ስብሰባው መስቀል ፍላወር አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። አባቴ ክራቫቱን አስሮ አነበበ።  ሲጨርስ ሰብሳቢው፣ እሳቸውም የማዶ ሰው ናቸው፣ «ጥሩ። የዚያች ቀበሌ ሰው እስቲ እጁን ያውጣ» አሉ። አባቴ አወጣና ዞር ዞር ብሎ አየ። እኩዮቹ አልቀዋል፤ እኔ የካዛንቺስ ልጅ አልቆጠርም።

«እንግዲህ አንድ ሰው ቀበሌ አይሆንም» አሉ ሰብሳቢው። አዳራሹ ሳቀ።

ያኔ እናቴ ከማዶ ሴቶች መሃል እጇን አወጣች።

«እርስዎ እኮ የኛ ነዎት» አሏት።

«መወለዱንስ የተወለድኩት ከናንተ ነው። የተዳርኩት ግን እዚያ ነው። የሌለ አገር ሰው አላገባሁም።»

 ሰብሳቢው «ሁለት» ብለው ቆጠሩ፤ የቀበሌዋም ስም ባለበት እንዲቀጥል ተወሰነ።

ስንመለስ ታክሲ ያዝን። ስታዲየም ስንደርስ አባቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ፣ «ወፍጮው የናንተ ነበር» አለ።

«ምን አልክ?» አለች እናቴ፣ በደንብ ሰምታው።

ደገመላት።