ውሃ ያልነው ቲነር

"ልጄን ያነደድሽው አንቺ ነሽ፤ እጅሽ ይቆረጥ!" አሉኝ አብሮኝ የሚሠራው በያጅ እናት፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ፣ ፊት ለፊት። ሻሼን ይዘው እስኪቀደድ ጎተቱኝ። አልተከላከልኩም። እውነታቸውን ነበር። እሳቱ ላይ ቲነር የደፋሁት እኔ ነኝ።

ሐይቅ ከተማ፣ አስፋልቱ ዳር፣ የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ቤት ውስጥ ቀለም ቀቢ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት መጎለት ስላንገሸገሸኝ የገባሁበት ሥራ ነው። ቀለም ብቻውን ወፍራም ስለሆነ በመርጫው አይወጣም፤ በቲነር ይቀጥናል። ቲነር ሲያዩት ውሃ ነው። እጅ ላይ ሲፈስ ይቀዘቅዛል፣ ዞር ሳትሉ ይተናል፣ ሽታው ራስ ያዞራል። ባለቤቱ ከጀሪካኑ በሃይላንድ እየቀዳ ያስቀምጥልኝና ቀለሙ ሲወፍርበት "ውሃ ጨምሪበት!" ይለኛል። እኛም ውሃ አልነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ቤት "ውሃ" ማለት ቲነር ነው። የሚጠጣውን "የቧንቧ" ነበር የምንለው።

የዚያን ቀን የውጫሌ ደንበኛ ያዘዘውን በር ሊወስድ ደጅ ቆሟል። ነፋስ ነበር። እርጥቡ ቀለም ላይ አቧራ እንዳይለጠፍ ባለቤቱ የቆርቆሮውን መዝጊያ ግጥም አደረገው። እኔ እረጫለሁ። በያጁ ደግሞ ማዶ ጥግ ላይ ትርፍ ብረት እንዲቆርጥ ታዘዘ።

"ጋሼ፣ እሷ ትጨርስ። ሽታው ቤቱን ሞልቶታል" አለ በያጁ፣ ግራይንደሩን እንደያዘ።

"ሽታ ምን ያደርግሃል? እርጉዝ ነህ እንዴ? ሰውየው ቆሟል፣ ቁረጥ!"

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል። ወለል ለወለል ተስቦ ብልጭታውን ራሱ ሄዶ ያገኘዋል። እሳቱ ወደሱ መምጣት አያስፈልገውም። ግራይንደሩ አንዴ ጮኾ ብልጭታ ረጨ፣ ወለሉ ቡፍ አለ። የበያጁ ሱሪ ከታች ተያያዘ። በመዳፉ እየመታ ይዘላል።

"ውሃ! ቶሎ ውሃ ድፊበት!" ባለቤቱ ነው የጮኸው።

እጄ ሃይላንዱን አነሳ። አላሰብኩም። ክዳኑ ክፍት ነበር፤ እግሩ ላይ ደፋሁት።

ነበልባሉ እስከ ወገቡ ዘለለ። ተመልሶም ሃይላንዱን እጄ ላይ አቀለጠው። "ምን አረግሽኝ! ምን አረግሽኝ!" ይላል በያጁ፣ ግድግዳውን በጭንቅላቱ እየመታ። ደንበኛው የቆርቆሮውን መዝጊያ በርግጫ ገንጥሎ ገባ፣ ጥሎ አንከባለለው፣ በአካፋ ደጅ ካለው ክምር አሸዋ እየዛቀ እላዩም ወለሉም ላይ ነዛበት። እሳቱን ያጠፋው አሸዋው ነው። ወለሉ ላይ የቧንቧውን ብንደፋ ኖሮ ቲነሩ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ፣ እየነደደ ሁላችንንም ይደርሰን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ባለቤቱ ቤታችን መጣ። የበያጁ ሁለት እግሮች ተጠቅልለዋል፤ ደሴ ይሂድ ተብሏል። ማን ወስዶ ያሳክመው የሚለውን ሽማግሌ ሊወስን ነው።

"ሲጋራ ሲያጨስ ነው የተነሳው በይ" አለኝ። "ጥፋቱ የሱ ይሁን። አለዚያ የደፋሽው አንቺ ነሽና እስር ቤት ነው የምትገቢው።"

እናትየው ከልጃቸው በቀር ሰው የላቸውም። ጥፋቱ የሱ ከሆነ ደሴን አያያትም፤ እግሮቹ እዚያው ይበሰብሳሉ።

ሽማግሌዎቹ ከጁምዓ በኋላ እዚያው የተቃጠለው ቤት ተቀመጡ፤ አንድ ሸህ፣ አንድ ቄስ። እናትየው መሬት ላይ። ባለቤቱ ቆሞ፣ "ሲጋራው አፉ ላይ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ" አለ።

"ልጄ ሲጋራ አያውቅም! አንተ ቀጣፊ!"

ተነስቼ እሳት ካልነካው መደርደሪያ ሙሉ ሃይላንድ አወረድኩ። ሸሁ ፊት አስቀምጬ ክዳኑን ከፈትኩት።

"ምን ትነካኪያለሽ? ሰው እየተናገረ! ውሃውን ቦታው መል…"

ቃሉን ዋጠው። 

ሸሁ ሃይላንዱን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ፊታቸው ተኮማተረ። ለቄሱ አቀበሉ። ቄሱን አስነጠሳቸው።

"ውሃ ነው ያልከው?" አሉ ሸሁ።

"እሷ ናት የደፋችው! እሷን ጠይቋት!"

"አዎ፣ እኔ ነኝ የደፋሁት" አልኩ። "ውሃ ድፊ ያልከኝ ግን አንተ ነህ። በሩን የዘጋህ አንተ፣ ቁረጥ ያልክ አንተ።" አንተ ብዬው አላውቅም ነበር።

በጥፊ አጮለኝ። አፌ ደም ሞላ፤ እግሩ ሥር ተፋሁለት። ሊደግመኝ ሲል እናትየው ጫማቸውን አውልቀው ግንባሩን አሉት። ቄሱ በመቋሚያቸው መሃል ገቡ።

"ተቀመጥ!" አሉ ሸሁ። "ነገ በጠዋት ደሴ ይዘኸው ትሄዳለህ። እስኪድንም አንተ ነህ።"

እናትየው ወደኔ ዞሩ። ጫማው አሁንም እጃቸው ላይ ነው።

"አንቺንም ይቅር አላልኩሽም" አሉኝ።

"አውቃለሁ፣ እማማ።"

የሥራ ልብሴን አውልቄ መሬት ጣልኩትና ወደ አስፋልቱ ወጣሁ።