ለኦቦ ደበላ ያልተነገራቸው ቀጠሮ

የቡራዩው ልብስ ሰፊ ኦቦ ደበላ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ባለፈው ሳምንት ማረፋቸውን ለምታውቋቸው ሁሉ ስጽፍ፣ የሚያስጽፈኝ ሐዘን ብቻ አይደለም፤ ንዴትም ነው።

ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መስከረም ላይ ዩኒፎርም ያጠረበት ልጅ ከመጣ ጠርዙን ተርትረው ያስረዝሙለታል። እናቱ ዋጋ ስትጠይቃቸው «ያደገው ልጁ ነው፤ እኔ ምን ሠራሁ?» ይሏታል።

ኋላ ግን መርፌ ሲወጋቸው ደሙ አልቆም ይል ጀመር። ክንዳቸው ሳይመታ ይበልዛል። ደም የሚያረጋውን ፕላትሌት የገዛ ሰውነታቸው የሚያጠፋበት፣ ሥር የሰደደ ሕመም ነበር። ኪኒኑ ፊታቸውን አሳበጠ እንጂ አልፈየደም። በመጨረሻ ቀዶ ሐኪሟ «ፕላትሌትዎ በብዛት የሚያልቀው ጣፊያ ውስጥ ነው፤ እናውጣው። አደጋ የለውም አልልም፤ ልብዎ ግን ጠንካራ ነው፣ ዕድሜ ብቻውን አይከለክልዎትም» አለቻቸው። እሳቸውም ወዲያው እሺ አሉ።

ዘመድ ተሰበሰበ። «በዚህ ዕድሜ ቢላዋ? ኧረ በሕግ አምላክ!» ተባለ። ኦቦ ደበላ በሩ ላይ ቆመው «ኩን ማሊ? ይሄ ምንድን ነው? ጣፊያው የእኔ፣ ስብሰባው የእናንተ!» አሉ። ሁሉም ሳቀ እንጂ የሰማቸው የለም። የቀዶ ሕክምናው ቀን የተነገረው በትልቁ ልጃቸው ስልክ ነበር። ልጁ «ሐኪሟ ሐሳቧን ቀይራለች» አላቸው። ዓይን ያወጣ ውሸት! እሳቸውም «እሷ ካለች ምን ይደረጋል» ብለው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

ይህን ያወቅነው ድንኳን ውስጥ ነው። ሰፈራችን የምትኖር የሆስፒታሉ ነርስ ለቅሶ ልትደርስ መጥታ «ምነው በቀጠሯቸው ቀሩ? ሐኪሟ ጠብቃቸው ነበር እኮ» አለች። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «ስለምወዳቸው ነው» አለ። አንድ ሽማግሌም «ተዉት፣ ዕድሜ ጠግበው ነው የሄዱት» ብለው ሊያረጋጉ ሞከሩ።

ማን ጠይቋቸው ነው መጥገባቸው የታወቀው? ቀዶ ሕክምናው ያድናቸው ነበር ብዬ አልምልም። ምርጫው ግን የእሳቸው ነበር። እናት አባት ያላችሁ፣ እባካችሁ፣ ሐኪም ፊት አፋቸውን አትንጠቁ።

ኦቦ ደበላ፣ እንግዲህ ደህና ይሁኑ፤ አፈሩ ይቅለልዎ። ለሆስፒታል ብለው የሰፉትን ፒጃማ ሱቅዎ ውስጥ ተሰቅሎ አገኘሁት። ወገቡን አስፍተውታል። ሲድኑ ሊወፍሩ አስበው ነበር።