ስልሳ ዘጠኝ ነጥብ አራት ስድስት

ቆቦና ዙሪያዋ ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ሀሊሜን ባያውቅ እንኳ ቦርሳዋን ያውቃል። በአንድ ኪሱ ጠመኔ፣ በሌላው የማሽላ ፍሬ የታጨቀበት፣ ማንገቻው ሦስት ጊዜ የተሰፋ ቦርሳ ነው። ሥራዋ ከጎብዬ እስከ ዋጃ በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ የሒሳብ መምህራንን ማገዝ ነው። ሱፐርቫይዘር ይሏታል፤ እሷን ግን ስሙ ያስቃታል። የምትቆጣጠረው ማንም የለም፣ የምትለምነው ነው የሞላው። «እባካችሁ የአስርዮሽ ነጥቧን ዝም ብላችሁ አታንቀሳቅሱ፣ ለምን እንደምትሄድ ለልጆቹ ንገሯቸው» ስትል ሃያ ስድስት ዓመት ሆናት።

የአስርዮሽ ነገር ጉድ ነው። ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ዜሮ ነጥብ ሰላሳ አምስት ከዜሮ ነጥብ አራት ይበልጣል የሚል መምህር ስንት አለ መሰላችሁ። ሰላሳ አምስት ከአራት ይበልጣላ! ሀሊሜ በዚህ ሰው አታፍርም፤ ማሽላዋን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፋ ታስቆጥራለች። መቶ፣ ሺህ፣ ከዚያ በባለሱቅ ሚዛን ይመዘናል። «አንድ ኩንታል አራት ሚሊዮን ፍሬ ገደማ ነው» ትላለች። «ያን ሁሉ ዜሮ ከምትጎትቱ፣ አራት ሲባዛ በአሥር ብላችሁ አሥሯ አናት ላይ ትንሽ ስድስት አስቀምጡና ተገላገሉ።» ማሽላ የማያውቅ የራያ ልጅ የለም፤ ዜሮ የሚፈራው ነው የበዛው።

ነሲባንም ያገኘቻት እንዲሁ ነው። ከጎብዬ ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት በኮንትራት የምታስተምር፣ ገና ሃያ አራት ያልሞላት ልጅ ናት። ልጆቹ ይወዷታል፣ ነጥቧ ግን እሷንም ታስፈራት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሀሊሜ ቤት እየመጣች ማሽላ ቆጠረች። ሀሊሜ የራሷን ልጅ እንዲህ አላስጠናችም፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ።

ዘንድሮ መመሪያ መጣ። የኮንትራት መምህር የሙያ ፈተና ይፈተናል፤ ሰባ ያመጣ ቋሚ ይሆናል፣ ያላመጣ ይሰናበታል። ነሲባ ከተሰናበተች ደግሞ የሚጠብቃት የታወቀ ነው። ታላቅ እህቷ ሪያድ ናት፤ እናቷ እሷንም ወደዚያ ለመላክ ከደላላ ጋር ነገሩን ጨርሳ፣ ልጅቷ «ውጤቴን ልይ» ስላለቻት ብቻ ነው የቆየችው። በአፋር በረሃ ያለው መንገድ ስንቱን እንደበላ እዚያ አገር ለማንም አይነገርም፣ ያልቀበረ ቤት የለምና።

ውጤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ ነሲባ 69.5። መመሪያው ውጤት ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ይጠጋጋል ስለሚል፣ ሰባ ማለት ነው። «እትዬ፣ አለፍኩ» ብላ ስትደውል ሀሊሜ ገበያ መሃል ነበረች። አልሃምዱሊላህ አለች፣ ደገመችው፣ ቲማቲሟን ሻጯ ጋ ረስታ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን፣ በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የመምህራን ጉዳይ የያዘው አርአያ ሁለቱንም ቢሮው ጠራቸው። አርአያ፣ ሀሊሜ ገና መዞር ሳትጀምር ሰባተኛ ክፍል ያስተማረችው፣ ልቡ ደግ፣ ሒሳቡ ደካማ ሰው ነው። ዋናውን መዝገብ ገልጦ አሳያቸው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ከነጥቡ በኋላ አንድ አሃዝ ብቻ እንዲኖረው ተጠጋግቶ ኖሯል፤ መዝገቡ ላይ ያለው 69.46 ነው።

«እኔ ሒሳብ ድሮም አይሆንልኝ፣ አንቱ ያውቁታል» አለ። «ግን አራት ስድስቱ አምስት ይሆናል አይደል? አምስቱ ደግሞ ወደ ሰባ ይወጣል። ባለሙያዋ አንቱ ነዎት፤ እንዲያ ብለው ይፈርሙ፣ እኔ ማኅተሙን ላሳርፍ። ማን ይጠይቀናል?»

ሀሊሜ እስክሪብቶውን ተቀበለች። ስህተቱን ገና ሳይጨርስ አይታዋለች። ዝም አይነቅዝም አለ ሆዷ። አራት መቶኛ ምንድን ናት? ለአራት መቶኛ ብሎ ሰው ልጁን በረሃ ይሰዳል? ልትፈርም ነበር። ማስተባበል አያስፈልግም፤ ልትፈርም ነበር።

«እትዬ፣ አይሆንም» አለች ነሲባ።

ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ ስባ መስመር አሰመረች። በአንድ ጫፉ ስልሳ ዘጠኝ፣ በሌላው ሰባ ጻፈች፤ መሃሉ ላይ በነጥብ ምልክት አደረገች። «ይኸ ስልሳ ዘጠኝ ነጥብ አምስት ነው፣ መሃሉ» አለችው አርአያን፣ እንደ ስድስተኛ ክፍል ተማሪ ቀስ ብላ። «እዚህ የደረሰ ወደ ሰባ ይሄዳል። የእኔ ከመሃሉ ወዲህ ቀረ፤ ለስልሳ ዘጠኝ ነው የሚቀርበው። የሚጠጋጋው አንድ ጊዜ ነው፣ ከራሱ ከቁጥሩ ተነስቶ። የተጠጋጋውን ደግመን ካጠጋጋን እየተንፏቀቅን የትም እንደርሳለን። ገባዎት?»

«ገባኝ» አለ አርአያ። ባይገባው በወደደ ነበር።

«በዚህ ስህተት ቋሚ ሆኜ ነጥብ ማስተማር አልችልም» አለች ነሲባ፣ ወረቀቱን እያጠፈች።

ሃያ ስድስት ዓመት ስትዞር ማጠጋጋትን እንዲህ አጥርቶ ያስረዳ መምህር ሀሊሜ አላየችም ነበር። ምን ትበል? ተሳስተሻል አትላት፣ አልተሳሳተችም። ጎበዝ አትላት፣ በምን አፏ። አርአያ አንገቱን ደፍቶ ስሟን ከዝርዝሩ ሲሰርዝ ሁለቱም አዩት።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘቻት። የጎብዬው ሚኒባስ እስኪሞላ ሀሊሜ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ልትላት ስንቴ አፏን ከፍታ ዘጋች። በመጨረሻ ያለችው ነሲባ ናት። «አብሽሩ እትዬ» ብላ እጇን ስማ ገባች።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የነሲባ ስልክ ጥሪ አልቀበል አለ። ሀሊሜ ለእናትየው ደወለች። «ሰኞ ወጣች፣ በአፋር በኩል። ዱዓ አድርጊላት» አለቻት እናትየው። ከዚያ ወዲህ ወሬ የለም።

ነሲባ ታስተምርበት ለነበረው ክፍል ሰው አልተቀጠረም። ሀሊሜ ራሷ ማክሰኞና ሐሙስ እየሄደች ትሸፍናለች። አስርዮሽን በማሽላ አስቆጥራ ጨረሰች፣ ልጆቹም በደንብ ያዙላት። ማጠጋጋት የሚለው ርዕስ ላይ ሲደርሱ ግን የመጽሐፉን ሁለት ገጾች አንድ ላይ ገልብጣ ወደሚቀጥለው አለፈች።